ስድስት ሰዓትና ስድስት ሰዓት

ዕድሜዬን ሙሉ ከመሬት በታች ያለውን ነገር ሳጠና የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እዚያ ታች ከውኃ፣ ከድንጋይና ከጭቃ ሌላ አንዳች ነገር አለ ብዬ አስተምሬ አላውቅም፣ ተማሪዎቼ የመናፍስት ወሬ ሲያነሡ ከት ብዬ የምስቅባቸው እኔ ነበርኩ፣ ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና ልጆቻችንን በቀትር ወንዝ አትውረዱ ስትል «ቀትር ምን አለው፣ ፀሐይ አናት ላይ መጣች ማለት ነው» እያልኩ የማናድዳትም እኔው ነኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታምኑኝ አይደለም፣ ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፣ ብቻ ሰው ሲያወራ የሰማሁትን እያወራሁ አይደለም፣ በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን፣ ከዚያም አልፎ እንጀራ የበላሁበትን ነገር ነው የማወራው።

ዘመኑ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት የቀሯቸው ጊዜ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ረዳት መምህር ነበርኩ፣ ከራሴ በላይ አዋቂ ያለ የማይመስለኝ ጎረምሳ። ያስተማረኝ ፈረንጅ ፕሮፌሰር ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ቃል ገብቶልኝ ሄዷል፣ ከአንድ የእጅ ጉድጓድ ላይ ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አንድም ቀን ሳትዘል ውኃው የት ድረስ እንዳለ ለክተህ ከላክህልኝ እኔ ዘንድ መጥተህ ዶክትሬትህን ትሠራለህ፣ አንድ ቀን ከጎደለ ግን አትድከም ብሎኛል። አባቴ ደሀ ነበር፣ ዘመድ የለኝም፣ ውጭ አገር የሚወስደኝ ሌላ መንገድ አልነበረኝም፣ ያች ዓመት ለእኔ ሁሉም ነገሬ ነበረች።

ጉድጓዱን ያገኘሁት ኮልፌ ነው። ያን ጊዜ ኮልፌ ዛሬ እንደምታዩት አልነበረም፣ ከገበያው ትንሽ ወጣ ሲባል ባሕር ዛፍና የጎመን ጓሮ ነው፣ አውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ካወረደኝ በኋላ የቀረውን በጋሪ ወይም በእግሬ ነበር የምጨርሰው፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጋሪውም አይደፍረው። ግቢው የጋሼ ፈይሳ ነው። ጋሼ ፈይሳ ከወታደርነት በጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም አጥርተው የሚናገሩ ሰው ነበሩ፣ ልጅ ስላልነበራቸው ከሚስታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ሁለቱ ብቻ ነው የሚኖሩት። ፊደል የቆጠሩት ጦር ሰፈር ውስጥ ነው፣ ቁጥር ሲጽፉ ሰልፍ የሚያስገቡት ይመስል አንዱን ከአንዱ ሥር ልክክ አድርገው ያሰፍራሉ፣ ሰባት ቁጥርን ወገቧ ላይ ሰረዝ ያደርጉባታል፣ ይህችን ሰረዝ ልብ በሉልኝ።

አለካኩ ቀላል ነው። የብረት ሜትር ጫፍ ላይ ከሥሩ ክፍት የሆነ ትንሽ የነሐስ ቃጭል ይታሰራል፣ ቀስ እየተባለ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፣ የውኃውን ፊት ሲነካ ታፍኖ «ጧ» ይላል፣ ጧ ያለ ጊዜ ሜትሩን ጉድጓዱ አፍ ላይ በጣት ይዞ ቁጥሩን ማንበብ ነው፣ እንግዲህ የሚለካው ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው ማለት ይቻላል። ጋሼ ፈይሳ ይህን በአንድ ቀን ተማሩት፣ ከእኔም ተሻሉበት፣ የራሳቸውንም ጨመሩበት፣ ሜትሩን ከማውረዳቸው በፊት ጉድጓዷን ጎንበስ ብለው ሰላም ይሏታል፣ ጠዋት «እንደምን አደርሽ»፣ ማታ «እንደምን ዋልሽ»፣ ከዚያ ጧ ስትል «መለሰች» ይላሉ። ቁጥሩ በሚሞላበት የደብተር ቅጽ ላይ ዝናብና ፀሐይ እንዲመዘገብበት የተተወ «አስተያየት» የሚል ዓምድ ነበር፣ እሳቸው እዚያ ላይ ደኅና አድራለች፣ ደኅና ውላለች እያሉ ይጽፉበታል፣ እኔም ወር በወር መጥቼ ስገለብጥ ብቻዬን እስቃለሁ።

አንድ ቀን እንዲሁ ስንጫወት የውትድርና ዘመናቸውን አነሡና «በረሃ ላይ ጥበቃ አቁመውኝ ረሱኝ፣ ሁለት ቀን ቆምኩ» አሉኝ።

«ለምን ጥለው አልሄዱም?» አልኳቸው።

የጠየቅኩት ነገር ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ተረኛ ሳይመጣ?» አሉ።

አሁን ወደ ስህተቱ ልምጣ። ቅጹን ያዘጋጀው ፕሮፌሰሩ ነው፣ ሁለቱም ዓምዶች ላይ 6 ብሎ አትሞበታል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ንጋትና ምሽት ማለቱ ነው። ጋሼ ፈይሳ ደግሞ ስድስቷን እየሰረዙ በእኛ ሰዓት 12 እና 12 ይጽፋሉ፣ ልክ ናቸው፣ የሚለኩትም በትክክለኛው ሰዓት ነው። እኔ ስገለብጥ ማስተካከል ሲገባኝ ችላ ብዬ እንዳለ ልኬው ኖሮ፣ ሰኔ ላይ ከፕሮፌሰሩ አንድ ቆጣ ያለ ደብዳቤ መጣ፣ ቅጹ ስድስት እያለ ሰውህ ለምን አሥራ ሁለት ይጽፋል፣ ምኑን ነው የማምነው ይላል። ደሜ ፈላ፣ በፈረንጁ ላይ መፍላት ስላልቻለ በሽማግሌው ላይ ፈላ፣ በማግስቱ ኮልፌ ወጣሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ፣ ግቢው ውስጥ ቆሜ ነው የተናገርኩት።

«ጋሼ፣ ይህን አሥራ ሁለት የሚሉትን ነገር ይተዉልኝ። ቅጹ ላይ ያለው ስድስት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስድስት ሰዓትና ስድስት ሰዓት።»

እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው አዩኝ። «ስድስት ሰዓት?»

«ስድስት።»

«ሌላኛውንም?»

«ሁለቱንም። አንድም ቀን እንዳይዘለል።»

«ዝናብም ቢሆን?»

«ዝናብም ቢሆን ጋሼ፣ ጥናት እኮ ነው።»

«እሺ ልጄ» አሉ፣ «ትእዛዝ ከሆነ።»

እኔ ጻፉ ማለቴ ነበር፣ አጻጻፉን ብቻ። ይህን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፣ እመኑኝ ከዚያ ወዲህ እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ያላሰብኩበት ቀን የለም።

ክረምቱ ገባ፣ ሐምሌን ሳልሄድ ቀረሁ። ጭቃው ነው፣ ጎርፉ ነው እያልኩ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ከጓደኞቼ ጋር ፒያሳ ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ መቀመጥ ጥሞኝ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ ብልጭ ባለችበት አንድ ረፋድ ላይ፣ አዲስ መመዝገቢያ ደብተር ይዤ ወጣሁ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰዋል፣ ሲያዩኝ አልተነሡም።

«ዛሬ ገና ወደ ቤት መግባት ታየህ?» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ጥቁሩን እያየሁ «ጋሼ የት አሉ?» አልኩ።

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ሐምሌ ገብርኤል ማግስት ቀበርነው። ከነገ ወዲያ አርባው ነው።»

ቁጭ አልኩ። እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣው ሐዘን አይደለም፣ ከወር በላይ ሳይለካ ቀረ፣ ዓመቴ ተበላሸ የሚል ነው። ከዚያ አፈርኩ፣ ነፍስ ይማር አልኩ፣ እሳቸውም ቅር ያላቸውን አወጡት።

«ሞቱን አልሰማህ ይሆናል ብዬ በልቤ ስሟገትልህ ነበር፣ ግን እዚሁ ግቢ እየገባህ፣ ጉድጓዱን ለክተህ እየወጣህ፣ እንዴት ለቅሶ ሳትደርሰኝ? እሱ ይወድህ እንደነበር ታውቃለህ፣ እንደ ልጁ ነበር የሚያይህ።»

«እትዬ፣ እኔ ከሰኔ ወዲህ እዚህ ግቢ አልረገጥኩም።»

«አትዋሸኝ ልጄ። ቀትር ላይ የጉድጓዱ ቆርቆሮ ክዳን ሲነሣ እሰማለሁ፣ ያ ነገራችሁ ጧ ሲል እሰማለሁ። ሌሊትም እንደዚሁ።»

«ሌሊት ከፒያሳ በምን እመጣለሁ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው» አሉ፣ ከዚያም ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ፈይሳንስ ማን ነው በሌሊት ተነሣ ያለው? ሰኔ ላይ ከጎረቤት የሚጮህ ሰዓት ተዋሰ፣ ስድስት ሰዓት ሲል እኩለ ሌሊት ላይ ዶፍ ውስጥ ብድግ ብሎ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ደግሞ እንደገና። ተው ብለው ትእዛዝ ነው አለኝ። ብርዱ ሳንባው ገባ። ማን ነው ያዘዘው?»

ስድስት ሰዓትና ስድስት ሰዓት። ያኔ ነው የገባኝ፣ እጄ ውስጥ የያዝኩት ደብተር ከበደኝ፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፣ ሁለት ቃል ናት።

«ቅጹ ነው እትዬ፣ ቅጹ እንደዚያ ይላል» አልኩ።

ቅጹን እንደ አንድ ክፉ አለቃ አድርገው ሳይቆጥሩት አልቀሩም፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። የደጃፉ ምሰሶ ጥላ እግሩ ሥር ተሰብስቦ ነበር፣ ቀትር ደርሷል። መጀመሪያ የሰማሁት የቆርቆሮ ፍቅፍቅታ ነው፣ ከጓሮ በኩል፣ ቀስ ብሎ የሚነሣ ክዳን። ቀጥሎ የሜትሩ ጥቅልል ሲፈታ የሚያሰማው ያ ቀጭን ክርክርታ፣ ከእጄ የማይለይ መሣሪያዬ ስለሆነ ከሌላ ድምፅ ጋር አላሳስተውም። ከዚያ ጸጥታ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር የሚናገርበት ያህል ጸጥታ። ከዚያ ጧ።

እትዬ አስካለ አልደነገጡም፣ እኔን ነው የሚያዩት። «አንተ እዚህ ከሆንክ እዚያ ማን ነው?» አሉ።

ሮጬ ወጣሁ። ከደጃፉ እስከ ጉድጓዱ ከሃያ እርምጃ አይበልጥም፣ ግቢው ዙሪያውን አጥር ነው፣ ሰው የለም፣ ዶሮ እንኳን የለም። ክዳኑ ተዘግቷል፣ ድንጋዩም ላዩ ላይ ተጭኗል። ሜትሩ ከጉድጓዱ አጠገብ የቆመው ጥድ ላይ በተመታችው ሚስማር ተንጠልጥሏል፣ የነሐሱ ቃጭል ግን ውኃ ያንጠባጥባል፣ ሥሩ ያለው ደረቅ አፈር ላይ ጠብታው ገና ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው የሠራው። ደብተሩ ዝናብ እንዳይነካው በሚቀመጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ወትሮው ተቀምጧል። ከፈትኩት፣ የዕለቱ ቀን ተጽፏል፣ 6 ሰዓት፣ ሦስት ሜትር ከአርባ ሰባት፣ ሰባቷ ወገቧ ላይ ሰረዝ አለባት። ድንጋዩን አንሥቼ፣ ክዳኑን ገልጬ፣ ራሴ ለካሁ። ሦስት ሜትር ከአርባ ሰባት።

ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሰኔ ላይ ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ ሽማግሌው ለእኩለ ሌሊት የሚሆን ሰላምታ ቸግሯቸው ኖሯል፣ «አልተኛችም» እያሉ ጽፈዋል፣ ሌሊት በሌሊት አልተኛችም፣ አልተኛችም፣ እስከ ሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ድረስ። ከቀብራቸው በኋላም አንድ ቀን አልተዘለለም፣ አንድ ሰዓት አልጎደለም፣ የእጅ ጽሑፉ ያው ነው፣ ሰልፉ ያው ነው፣ የተለወጠው የሌሊቱ ቃል ብቻ ነው። አልተኛሁም ይላል። አልተኛሁም፣ አልተኛሁም፣ አልተኛሁም፣ ከገጹ ራስ እስከ እግሩ።

እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር አልላችሁም፣ እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ዓመቱ ሊሞላ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ደብተሩን ወደ ቦርሳዬ ከተትኩ፣ አዲሱን ደብተር የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አስቀመጥኩ፣ እርሳሷም ዶልዱማ ነበርና በኪሴ ባለችው ምላጭ ቀርጬ አስተካከልኳት። ያንን እያደረግሁ ጉድጓዱን ላለማየት ፊቴን አዙሬ ነበር።

እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «ማን ነው?» አሉኝ።

«አንድ ሰው ቀጥሬ ነበር» አልኩ።

ፊታቸው ፈታ አለ፣ ያ የተቀየሙኝ ቅያሜ ሲወርድላቸው አየሁ። «እንዲያ በለኝ እንጂ» አሉ፣ «ታዲያ ወደ ቤት ግባ በለው፣ በዚህ ብርድ ውጭ አይቁም።»

አርባው ላይ አልተገኘሁም። የመጣሁት ኅዳር ላይ፣ ዓመቱ በሞላ ማግስት፣ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ሰዓቱን መርጬ ነው የመጣሁት። እትዬ አስካለ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበር። ደብተሩን አወጣሁት፣ እስከ መጨረሻዋ መስመር ሞልቷል፣ በአስተያየት ዓምድ ላይ በመጨረሻው ገጽ አልተኛሁም የሚለው ቀርቷል፣ በምትኩ «ተረኛ አልመጣም» ይላል፣ ሌሊት በሌሊት። አንድ ቃል መናገር እችል ነበር፣ ጋሼ፣ ጨርሰናል፣ ይብቃዎት ብሎ ለባዶ ጉድጓድ መናገር። ግን መናገር ማለት ማመን ነው ብዬ፣ የተማርኩ ሰው አይደለሁ፣ ደብተሩን በብብቴ ሥር አድርጌ ውልቅ አልኩ።

ቁጥሮቹን ገለበጥኩ፣ ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ቀትርና እኩለ ሌሊት ብዬ አስተካከልኩ፣ የአስተያየቱን ዓምድ አልገለበጥኩም። ፕሮፌሰሩ ሲመልስልኝ በደስታ ነው፣ በዓመቱ አጋማሽ ሰዓቱን ወደ ቀትርና እኩለ ሌሊት ማዞርህ ብልህነት ነው፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ውኃ የማይቀዳበትን ሰዓት በመለካትህ ውኃው በራሱ ጊዜ እንዴት እንደሚሞላ አሳየኸኝ ይላል። ዶክትሬቴን የያዝኩት በዚያ ነው፣ ስሜን ያስጠራው ሥራዬ እሱ ነው፣ እስከ ጡረታዬ ያስተማርኩት እሱን ነው። መግቢያው ላይ የምስጋና ገጽ አለ፣ የጽሕፈት ሠራተኛዋን ሳይቀር አመስግኛለሁ፣ የጋሼ ፈይሳ ስም ግን የለበትም። እትዬ አስካለ እኔ ውጭ ሳለሁ አስኮ ወደሚኖሩት እህታቸው ሄደው እዚያው አረፉ፣ እውነቱን ሳልነግራቸው።

አሁን ቤቴል ነው የምኖረው፣ ብቻዬን ነኝ፣ እንቅልፍ ከራቀኝ ቆየ፣ ስነቃ ሰዓቴን አላይም፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ቆረጥኩና በታክሲ ኮልፌ ሄድኩ። ሠፈሩ ሌላ ሆኗል፣ ግን ሥራዬ ቦታ ማወቅ ነው፣ ጥዱ ደግሞ ከአንድ ፎቅ ጀርባ አሁንም ቆሟል፣ ከእሱ ተነሥቼ በእርምጃ ስለካ ጉድጓዱ የነበረበት ቦታ አንድ ሱቅ ውስጥ ወደቀ። ባለሱቋ ቧንቧና የባኞ ዕቃ የምትሸጥ ራሔል የምትባል ሴት ናት፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። ቀትር ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። የእጅ መታጠቢያ እንደሚገዛ ሰው እያገላበጥኩ ቆየሁ፣ ከዚያ ከእግሬ በታች፣ ከሲሚንቶው ሥር፣ ታፍኖ ጧ አለ።

«ሰሙት አይደል አባባ?» አለችኝ። «ውኃ ያልተገናኘበት ቧንቧ ነው የሚጮኸው። ስንት ጊዜ ጸልዬበታለሁ መሰልዎ።»

ለመናገር የተዘጋጀሁት ብዙ ነበር፣ ይቅርታ የሚልም ነበረበት፣ ግን ሴትየዋ እያየችኝ ነው፣ አፈርኩ፣ የወደቀ ነገር የማነሣ መስዬ ጎንበስ አልኩና በለሆሳስ «ጋሼ ፈይሳ፣ የእኔ ስህተት ነው፣ ስድስት አልነበረም፣ አሥራ ሁለትና አሥራ ሁለት ማለቴ ነው» አልኩ። ሌላ ገዢ ገባ። አንድ መታጠቢያ እንድታስመጣልኝ መርጬ ስልክ ቁጥሬን ትቼላት ወጣሁ፣ በመንገድ ላይ አለቀስኩ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ቀለል አለኝ፣ ያን ሌሊትም ተኛሁ።

በሳምንቱ ራሔል ደወለችልኝ። የመረጥኩት መታጠቢያ መምጣቱን ልትነግረኝ ነው፣ ከዚያ እየሳቀች ጨመረችበት።

«ያ የቀትሩ ድምፅ እኮ ቀረ አባባ። ተመስገን ልል ስል አሁን ደግሞ ጠዋት ስከፍትና ማታ ስዘጋ ሆነ።»

«ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?»

«ለግንበኞቹ ብዬ ማልጄ ነው፣ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት እከፍታለሁ፣ አሥራ ሁለት እዘጋለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ይብቃዎት ማለት ሲገባኝ ሰዓቱን ብቻ አርሜላቸው መጥቻለሁ፣ እሳቸውም እሺ ብለዋል። ተመልሼ ሄጄ የቀረውን ቃል ልናገር ስንት ጊዜ ጫማዬን አድርጌ አውልቄያለሁ መሰላችሁ፣ ግን ጋሼ ፈይሳ በቃል ብቻ ከቦታቸው የሚነቃነቁ ሰው አይደሉም፣ ተረኛ መጥቷል ለማለት ተረኛው መኖር አለበት፣ ከእኔ ሌላ ደግሞ ማንም የለም።